እናቴ ካዛንቺስን መልቀቅ ፈራች፤ በእግዚአብሔር መታመን እዚህ ላይ ምን ይመስላል?

ይህን ጥያቄ እዚህ የውይይት መድረክ ላይ የጻፍኩት በጥቅምት 2017 ነው። ምላሹ በዝቶ አንዱ ከአንዱ ስለተጠላለፈ፣ አሁን ለሚገባ ሰው እንዲቀለው እያንዳንዱን በቁጥሩ እያነሣሁ በራሴ አነጋገር አሰባስቤዋለሁ። የተሰማኝንም መሐል ላይ ጨምሬበታለሁ።

የመነሻው ጽሑፍ

እናቴ ሰባን ካለፈች ቆይታለች። ጎጆ የወጣችው፣ እኛን የወለደችው፣ አባታችንን የሸኘችው ካዛንቺስ ውስጥ በአንዲት የቀበሌ ቤት ነው። በ2016 የኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ሲገባ በቴሌቪዥን እያየች ለተነሺዎቹ ትጸልይ ነበር። በ2017 መጀመሪያ ተራው የእኛ ሰፈር ሆነ። ብዙ ጎረቤቶቻችን ከተማው ዳር ለተነሺዎች ወደተሠራው ገላን ጉራ ሄዱ፤ የቀሩትም ወዲያና ወዲህ ተበታተኑ። እናቴም ከምትክ የቀበሌ ቤትና በረጅም ጊዜ ክፍያ ከሚገዛ ኮንዶሚኒየም አንዱን ምረጪ ተባለች። እስካሁን አልመረጠችም።

ውዳሴ ማርያም ሳትደግም ቁርስ አትቀምስም። ወር በገባ በ22 ከዑራኤል አትቀርም። ሰፈር ውስጥ የተጨነቀ ሰው ሲኖር ሄዳ አጠገቡ ተቀምጣ እግዜር ያውቃል የምትል እሷ ናት። አሁን ግን እንቅልፍ አጥታለች። ዕቃ ልጠቅልል ስል ከኋላዬ እየተከተለች መልሳ ትደረድረዋለች። የአባቴን ፎቶ ማታ ከግድግዳ አውርጄ በነጠላ ጠቅልዬ ካርቶን ውስጥ አስቀምጬው ነበር፤ ጠዋት ስነሣ ሚስማሩ ላይ ተመልሷል። ስለ ፎቶው አንዲት ቃል አልተናገረችም፤ እኔም አልጠየቅኳት።

ጥያቄዬ ይህ ነበር፦ ዕድሜዋን ሙሉ በእግዚአብሔር የታመነች ሴት ለውጥ ሲመጣ እንዲህ መፍራቷ ምን ማለት ነው? እኛ ልጆቿስ ሳንጫናት እንዴት እናግዛት?

ምላሾቹ

ቁጥር 1 ከአንድ ዲያቆን ነው። እናቴን እማማ እያለ በትሕትና ሰላም ካለ በኋላ፣ ወቅቱ ጽጌ መሆኑን አስታወሰኝ። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 6 ድረስ ቤተ ክርስቲያን የእመቤታችንን ስደት እያሰበች ነው፤ እናቴም በየሰንበቱ ማኅሌት ቆማ የምትሰማው ይህንኑ ነው። በማቴዎስ ወንጌል መልአኩ ለዮሴፍ የነገረው በሌሊት፣ በሕልም ነበር፤ ተነሣ፣ እናትና ልጁን ይዘህ ወደ ግብፅ ሽሽ አለው። ስንት ዓመት እንደሚቆይ ግን አልነገረውም፤ እስክነግርህ እዚያው ቆይ ብቻ ነው ያለው። በእኛ ትውፊት ስደቱ ሦስት ዓመት ከስድስት ወር ፈጅቷል። ዲያቆኑ ሊል የፈለገው፣ እመቤታችን ራሷ ቀኑ ያልተቆረጠለት መንገድ ሄዳለችና እናትህ ብቻዬን ነኝ አትበል የሚል ነው። (ወንድ መስዬው ነበር፤ ሴት ልጇ መሆኔን ጻፍኩለት።)

ቁጥር 2 አብርሃምን ጠቀሰች። ከካራን ሲወጣ የ75 ዓመት ሰው ነበር፤ የዕብራውያን መልእክትም ወዴት እንደሚሄድ ሳያውቅ ወጣ ይላል። አጭር ናት፤ መጨረሻዋ ላይ ለእናቴ ስም ሻማ እንደምታበራ ቃል ገብታለች።

ቁጥር 3 ላይ ድምፁ ተለወጠ። ጸሐፊው ወጣት ይመስለኛል። ፍርሃት ካለ እምነት የለም፤ ሃይማኖት ለይስሙላ የተያዘ እንደሆነ የሚታወቀው እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ነው ባይ ነው። የሎጥን ሚስት አነሣ፤ ወደ ኋላ የሚያይ የጨው ሐውልት ይሆናል አለ። ሳነበው ደሜ ፈላ።

ቁጥር 4 ግን እኔ ሳልመልስ መለሰችለት፣ ጠንከር አድርጋ። የሎጥ ሚስት ዞር ብላ ያየችው ሰዶምን ነው፤ ካዛንቺስ ሰዶም አይደለም፤ የተዳረችበትንና ባሏን የቀበረችበትን ሰፈር እያየች የምታለቅስ አሮጊት ከዚያች ሴት ጋር ምን አገናኛት አለችው። ከዚያ ጌቴሴማኒን አመጣች። ጌታ ራሱ በዚያች ሌሊት ነፍሱ አዝና፣ ላቡ እንደ ደም ነጠብጣብ ወርዶ ጽዋዋ እንድታልፍ ለምኗል። ለመነ፣ ፈቃድህ ይሁን አለ፣ ተነሥቶም ሄደ። ከሦስቱ አንዱን ብቻ ነጥሎ እምነት ይህ ነው ማለት አይቻልም። ኢያሱም ገና ዮርዳኖስን ሳይሻገር አይዞህ፣ ጽና መባሉ ተደጋግሞ የተጻፈው የሚፈራ ሰው ስለነበረ ነው፤ የማይፈራን ሰው አይዞህ የሚለው የለም። በእኔ ግምት በዚህ ውይይት ውስጥ ስለ ፍርሃት ከተባለው ሁሉ ይህ ይበልጣል።

ቁጥር 5 ኤርምያስ 29፥11ን ላከልኝ፤ እግዚአብሔር ለእናንተ የማስባት አሳብ የሰላም ናት የሚለውን። ሁላችንም የምናውቀው ጥቅስ ነው፤ የመኪና መስታወት ላይ ሳይቀር ይለጠፋል።

ቁጥር 6 የመጽሐፍ ቅዱስ መምህር ነኝ ይላል። ቁጥር 5ን በአክብሮት አረመው። የኤርምያስን ምዕራፍ ቁጥር 11 ከዚያው ምዕራፍ ቁጥር 10 ለይቶ ማንበብ ደግ አይደለም፤ ደብዳቤው ወደ ባቢሎን ለተማረኩ ሰዎች የተጻፈ ነው፣ ቁጥር 10 ደግሞ የምትመለሱት 70 ዓመት ሲፈጸም ነው ይላቸዋል። ከዚያ መካከል አብዛኛው አገሩን ዳግመኛ አላየም። ለእናቴ የሚሆናት በዚያው ምዕራፍ ከፍ ብሎ ከቁጥር 5 እስከ 7 ያለው ነው፤ ቤት ሥሩ፣ ተቀመጡ፣ አትክልት ተክሉ፣ ፍሬዋን ብሉ፣ ለሄዳችሁባት ከተማ ሰላም ጸልዩ። ቶሎ ትመለሳላችሁ የሚሉ ነቢያትም በዚያው ምዕራፍ ሐሰተኛ ተብለዋል። ስለዚህ እናትሽን ምንም አይቀየርም እያላችሁ አትደልሏት አለኝ። ይህ ምክር ነካኝ፤ ወንድሜ በስልክ ይላት የነበረው በትክክል እሱን ነውና። ቁጥር 5ም ተመልሶ አመሰገነ።

ቁጥር 7 ከሁሉም አጭሯ ናት። ጸሐፊዋ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ እናትሽ የፈራችው በትክክል ምኑን ነው? ጠይቀሻታል?

ሁላችንም ቤቱን መስሎን ነበር። የዚያን ዕለት ማታ ቡና እያፈላች ሳለ ጠየቅኳት። ጀበናውን ወደ ማቶቱ መልሳ ትንሽ ቆየች። ከዚያ እዚያ ብሞት ማን ያነሣኛል አለችኝ። እዚህ ጡሩምባ ሳይነፋ ሰው ይሰማል፤ እዚያ በሬን ዘግቼ ብሞት የላይኛው ፎቅ ሰው መቼ ያውቃል፣ ማንስ ያለቅስልኛል፣ ከአባትሽስ አጠገብ ማን ይወስደኛል አለች። ፎቁም፣ መንገዱም፣ ገበያውም አላሳሰባት። ይህን ቁጥር 8 አድርጌ ጻፍኩት፤ ከዚያ በኋላ የውይይቱ መልክ ተለወጠ።

ቁጥር 9 ቁጥር 6 የነበረው መምህር ነው፤ እንደገና መጥቶ ረጅም ጻፈ። መቃብር ማሰብ የእምነት ጉድለት ነው የሚል ካለ ዘፍጥረት 23ን ያንብብ አለ። አብርሃም ምድሪቱ ሁሉ ለዘርህ ናት ተብሎለት ሳለ፣ ሣራ በኬብሮን ስትሞት አንዲት ስንዝር መሬት አልነበረውም። ኬጢያዊው ኤፍሮን የመቃብሩን ዋሻ በነፃ ውሰድ ቢለው እምቢ አለ፤ በሕዝቡ ፊት 400 ሰቅል ብር መዝኖ፣ ከዋሻው ጋር እርሻውንና በዙሪያው ያለውን ዛፍ ሳይቀር አስቆጥሮ ገዛ። በተስፋዪቱ ምድር መጀመሪያ የያዘው ርስት መቃብር ነው። ያዕቆብ በግብፅ በድሎት ተቀምጦ ሳለ በዚያው ዋሻ ቅበሩኝ ብሎ ልጆቹን አዘዘ። ዮሴፍ ስለ ዐፅሙ አማላቸው፤ ሙሴም ከግብፅ ሲወጣ ያንን ዐፅም ይዞ ወጣ። የዕብራውያን መልእክት ደግሞ ምዕራፍ 11 ላይ የዮሴፍን እምነት ሲቆጥር ያን ሁሉ ታሪኩን ትቶ ስለ እስራኤል ልጆች መውጣት መናገሩንና ስለ ዐፅሙ ማዘዙን ነው የጻፈለት። ሩትም ለኑኃሚን ስትምልላት ሕዝብሽ ሕዝቤ ብላ አላበቃችም፤ በምትሞችበት እሞታለሁ፣ በዚያም እቀበራለሁ አለች። ስለዚህ እናትሽ የምትጠይቀው የአባቶችን ጥያቄ ነው፤ ልጆቿ ደግሞ እንደ አብርሃም ተነሥታችሁ መልስ ፈልጉላት አለኝ።

ይህን ለእናቴ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት። ስለ ዮሴፍ ዐፅም ያለውን ድገሚልኝ አለች።

ቁጥር 10 ስለ እድራቸው የተናገረ፣ ከሌላ ሰፈር የተነሣ ሰው ነው። ስሜቱ የከበደ ነበር። ሰፈራቸው ሲፈርስ የእድሩ አባላት ተሰብስበው ገንዘቡን እኩል ተካፈሉ፤ ድንኳኑና አግዳሚ ወንበሩ ተሸጠ፣ ብረት ድስቱን የወደደ ወሰደው። በጊዜው ሁሉም ደስ ብሎት ተለያየ፤ ለዕቃ ማጓጓዣ የሚሆን ብር ተገኝቷልና። ከዚያ የእሱ አክስት አረፈች። አዲሱ ሰፈር ያለው እድር የሚቀበለው መግቢያ ለከፈለ ሰው ነበር፤ እሷ ገና አልከፈለችም። ድንኳን ተከራይተው፣ የሚያስተናግድ ሰው ከዘመድ ለምነው ነው የቀበሯት። እናትሽ የፈራችው እኛ ያየነውን ነው፤ ፍርሃቷን በጸሎት ብቻ አታስታግሡት፣ እድሩን ያዙት አለኝ።

ቁጥር 11 ደግሞ የእነሱ እድር እንዴት እንደተረፈ ተራ በተራ ነገረችን። ይህን ሰፋ አድርጌ የማነሣው ብዙ ሰው በውስጥ መስመር ስለጠየቀኝ ነው። ሰብሳቢው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ማንም ከመነሣቱ በፊት እየዞሩ እያንዳንዱ አባል ወዴት እንደሚሄድና የሁለት ልጆቹን ስልክ መዝግበዋል። ገንዘቡ አልተነካም። አባላቱ በደረሱበት ሳይት ሁሉ አንድ ምድብ ተቋቋመ፤ ለምድቡ አንድ ተጠሪ ተመረጠ፤ ዕቃውም ለየምድቡ ተከፋፈለ፣ ድንኳኑ ብዙ ሰው ወዳለበት ሄደ። የጡሩምባውን ቦታ ስልክ ያዘ፤ ተጠሪው ለአሥር ሰው ይደውላል፣ አሥሩ ለሌላው። ለቀብር አውቶቡስ የሚከራየው ከካዝና ነው። ወርሃዊው መዋጮ ላይ ትንሽ ተጨምሯል፤ የሚሰበሰበውም ወር ተራውን ጠብቆ በአንዱ ምድብ ግቢ ነው፣ ሰው እንዲተያይ። በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ የነበረው የሰፈሩ ነዋሪ የሆነ የሚለው አንቀጽ ተሽሮ፣ የሰፈሩ ነዋሪ የነበረ ተባለ። ይህ ሁሉ የተደረገው አንድ ቄስ ባሉበት፣ በጸሎት ተከፍቶ በጸሎት ተዘግቶ ነው።

እኔ በእግዚአብሔር መታመን የሚባለውን በዓይኔ ያየሁት እዚህ ምላሽ ውስጥ ነው። ደብተር ይዞ ቤት ለቤት የዞረው ገንዘብ ያዥ ነገ የት እንደሚያድር ራሱም አያውቅም ነበር።

ቁጥር 12 ከሪያድ ነው፤ ሰው ቤት የምትሠራ እህት። ከአገር የወጣችው ቋንቋ ሳታውቅ ነው፤ ለዳዊቷ የሚሆን ጊዜ የምታገኘው ልብስ ስትተኩስ ብቻ ስለነበር በቃሏ ያዘችው። ፍርሃቱ አንድ ቀን ተነሥቶ አልሄደላትም፤ አብሯት እየኖረ አነሰ። እናቷ አሁን ከካዛንቺስ የሚነሡ ናቸውና ቁጥር 11ን ለእሳቸው አንብቡላቸው ብላ ለወንድሞቿ ልካዋለች።

ቁጥር 13 ሙስሊም ወንድም ነው፤ እናቱና እናቴ የአንድ እድር አባላት ሆነው ተገኙ። በሃይማኖቱ ስለ መመካት የተባለውን አካፈለን፦ አንድ ሰው ግመሌን ልፍታና በአላህ ልመካ ብሎ ቢጠይቅ፣ ነቢዩ እሰራት፣ ከዚያም ተመካ አሉት። ከመካ ሲወጡም በሠውር ዋሻ ተሸሽገዋል፣ መንገድ የሚያውቅ መሪም ቀጥረዋል፤ መሪው ሙስሊም እንኳ አልነበረም። ከዚያ በፊት ደግሞ ተከታዮቻቸው ባሕር ተሻግረው ወደማያውቁት ወደ ነጃሺ አገር ወደ እኛ መጥተዋል። የእሱ እናት ገላን ጉራ ገብታለች፤ የእናቴን ስም ሰምታ እስካሁን ለምን አልመጣችም ብላ ጠይቃለች። ይህን ሳነብ ዓይኔ እንባ ሞላ።

ቁጥር 14 ሁሉንም በአንዴ ቆጣ። በእግዚአብሔር ታመኑ የሚለው ስብከት ለምንድን ነው ሁልጊዜ ለተነሺ ብቻ የሚሰበከው አለ። ትምህርት ቤት የራቃቸው ልጆች፣ ደንበኛ የቀረባት ጉሊት ቸርቻሪ፣ ሥራው ሁለት ታክሲ የሆነበት የቀን ሠራተኛ ስላሉ፣ የእነሱን ጥያቄ ፍርሃት ብሎ መጥራት አፍ ማስያዝ ነው። ለውጥን መፍራት ሌላ፣ መብትን መጠየቅ ሌላ ነው አለ።

ቁጥር 15 ፖለቲካ አታምጣብን ብሎ ጮኸበት። ከተማዋ ስትለማ ሁሉም ይጠቀማል፤ የቆሻሻ ቱቦ በር ላይ የሚፈስበት ቤት ናፈቀህ ወይ አለው። ቁጥር 16 እና 17 ስድብ ስለነበረባቸው አወያዩ አንሥቷቸዋል፤ ቁጥራቸው ብቻ ቀርቷል። ቁጥር 14 የቁጣው ቃና ቢከብደኝም ያለው ነገር እውነት ነው። ቁጥር 15ም ስለ ቱቦው የተናገረው ሐሰት አይደለም፤ ክረምት በመጣ ቁጥር እናቴ ምንጣፍ እያነሣች ኖራለች።

ቁጥር 18 ላይ ቁጥር 4 የነበረችው ሴት ተመልሳ ጠቡን አበረደች። በዘኍልቍ 27 የሰለጰዓድ አምስት ሴቶች ልጆች በሙሴ፣ በካህኑና በማኅበሩ ሁሉ ፊት ቆመው አባታችን ወንድ ልጅ ስላልነበረው ለምን ርስት እንከለከላለን ብለው ጠየቁ። ማንም እምነት የላችሁም አላላቸውም። ሙሴ ነገሩን ወደ እግዚአብሔር አቀረበ፣ እግዚአብሔርም እውነት ተናገሩ ብሎ ሕጉን አስተካከለላቸው። እነዚህ ሴቶች ገና ያልያዟትን፣ ያላዩዋትን ምድር ድርሻ ነው የጠየቁት፤ እንደሚገቡባት ካላመኑ ለምን ይጠይቃሉ አለች። እናትሽም ምድር ቤት ይሰጠኝ፣ ከጎረቤቶቼ ጋር አንድ ቦታ ይሁንልኝ ብላ ማመልከቻ ብታስገባ ይህ ራሱ እምነት ነው አለችኝ። ቁጥር 14 አመስግኗታል። ቁጥር 15 ዝም አለ።

ከዚህ በኋላ ወሬው ወደ ሌላ ዞረ። ቁጥር 19 ፎቅ ላይ የጤፍ እንጀራ በኤሌክትሪክ ምጣድ ሲጋገር ቆጣሪው ይችላል ወይ ብላ ጠየቀች፤ ቁጥር 20 ለፋሲካ በጉ የሚታረደው የነዋሪው የጋራ ቤት በሆነው ኮሙናል ላይ መሆኑን፣ ቁልፉን የሚይዘውን ሰው ቀድሞ መወዳጀት እንደሚያስፈልግ ነገራት። ቁጥር 21 ስለ ከተማዋ ጻፈ፤ አዲስ አበባ ራሷ በ1879 ቤተ መንግሥቱ ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍል ውሃው ሲወርድ የተቆረቆረች ናት፣ በኋላም እንጨት አልቆ ዐፄ ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ሊነሡ ነበር፣ የከተማዋን መቀመጥ ያስቻለው ባሕር ዛፍ ነው አለ። ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ ግን ቁጥር 22 በትክክል እንዳለው፣ ንጉሥ ሲነሣ ድንኳኑን ተሸካሚ ነበረው።

ቁጥር 23 ለእናቴ እግዚአብሔር እረኛዬ ነው የሚለውን መዝሙር 23 አንብቡላት አለ። ቁጥር 24 መዝሙር 22 ነው ብሎ አረመው፤ ቁጥር 25 ሁለቱም ትክክል መሆናቸውን አስረዳ፤ የእኛ ዳዊት የሰባ ሊቃናትን (የጥንቱን የግሪክ ትርጉም) አቆጣጠር ስለሚከተል ነው አንድ የሚያንሰው። ሦስቱም ስለ ቁጥሩ ሲሟገቱ አንድ ገጽ ሞሉ። እናቴ መዝሙሩን በቃሏ ትለዋለች፤ በሞት ጥላ መካከል ብሄድ እንኳ ከምትለዋ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ከፍ ይላል።

ቁጥር 26 ነርስ ናት፤ ምክሯ የሚያዝ ነው። አረጋውያን በድንገት ከቤታቸው ሲነሡ እንቅልፍና ምግብ ሊጠፋባቸው፣ ሌሊት የት እንዳሉ ሊምታታባቸው ይችላል። የደም ግፊት መድኃኒቷን ለአንድ ወር አስቀድማችሁ ያዙ፣ የክትትል ካርዷን ወስዳችሁ እዚያ ካለው ጤና ጣቢያ አስመዝግቧት። አልጋዋን በለመደችው አቅጣጫ ዘርጉት፤ ማታ መጸዳጃ ቤት የምትሄድበት ጎን አይቀየር። ከመግባቷ በፊት ቀን በብርሃን ወስዳችሁ አሳዩአት። ፎቶውን ከራሷ እጅ ሳትሰጣችሁ አታውርዱ አለች። ይህችን የመጨረሻዋን ሳነብ ለእኔ ብላ የጻፈቻት ያህል ተሰማኝ።

ቁጥር 27 ራሱ ገላን ጉራ የገባ አባት ነው፤ ልጁ እየጻፈለት። አላሳመረውም። ታክሲ ይርቃል፣ ሥራ ያለው ሰው በጨለማ ወጥቶ በጨለማ ይመለሳል። መጀመሪያ ሰሞን ሰው ከሰው አይተዋወቅም ነበር። ሰዉን ያስተዋወቀው ለቅሶ ነው፤ የማያውቁት ሰው ሞቶ ሁሉም ወጣ። አሁን የጽዋ ማኅበር ጀምረዋል፤ ካዛንቺስ ዑራኤልን ይጠጡ የነበሩት ሴቶች እዚያም በ22 ጽዋውን አንሥተዋል፣ አንድ ሰው ይጎድለናል ይላሉ።

ቁጥር 28 ስለ ቀብር ሕጉ ጻፈ፤ ይህን ሁሉም ሰው ቢያውቀው ጥሩ ነው። በአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ የተመዘገበና መዋጮውን የሚከፍል ምእመን በአጥቢያው የመቀበር ነገሩ ይቀልለታል። ስለዚህ ከሰፈር ስትነሡ የዑራኤሉን የሰበካ ካርድ አትመልሱ፣ ክፍያውንም አታቋርጡ፤ አባታችሁ ያረፉበትን ቦታ ወረቀት አንድ ላይ ያዙ፤ በአዲሱ አጥቢያም አስመዝግቧት፣ የንስሐ አባቷ መሄዷን እንዲያውቁ ንገሯቸው። ካርዱ የት እንዳለ እናቴን ስጠይቃት ከአባቴ ፎቶ ጀርባ፣ ከፍሬሙ ካርቶን ሥር ሰክታው ኖሯል።

ቁጥር 29 ምን ወሰናችሁ ብሎ ጠየቀ፤ የእኔ መልስ ቁጥር 30 ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከወንድሜ ጋር ወስደናት አየችው። ቤቱን ብዙም አላየችውም፤ በቀጥታ የሄደችው ወደ ቁጥር 13 እናት ነው፣ ተቃቅፈው ቆዩ። ከዚያ የእድሩ ተጠሪ ማን ነው ብላ ጠየቀች። እስካሁን የለም ሲሏት እኛው እንመርጣለን አለች። እኛ ልጆቿ ኮንዶሚኒየሙን መርጠን ነበር፤ ነገ የራሷ ይሆናል፣ ለእኛም ይቀራል ብለን። እሷ ምትክ የቀበሌ ቤቱን መረጠች፤ ምድር ላይ ነው፣ ከጽዋ ማኅበሩ ሴቶችም ጋር አንድ መስመር ነው። ወንድሜ ቅር ብሎታል። እኔ አልከራከራትም፤ ማመልከቻውን ሰኞ አስገብተናል። ማታ ማታ አሁንም ትነቃለች፣ ትፈራለችም፤ ግን ፎቶውን ትናንት ራሷ አውርዳ ሰጥታኛለች።

ከኅዳር 6 በኋላ፣ የጽጌ ጾም ሲፈታ እንነሣለን። ከዚያ በፊት እድሩ በሚመጣው እሑድ ይሰበሰባል፤ ገንዘቡ ይከፈል የሚሉም ብዙ ናቸው። ቁጥር 11፣ ያሻሻላችሁትን የመተዳደሪያ ደንብ ፎቶ አንሥተሽ እዚሁ ብትለጥፊልን ለስብሰባው አትሜ እወስደዋለሁ። ሌላም ሰው ያለው ካለ ከታች ያስቀምጥልን፤ በተለይ አባል ያልሆነ ልጅ ስለሚከፍለው መዋጮ የሚናገር አንቀጽ ያለበትን።